የባንተአምላክ የራስ ልክ

ቢቸና ውስጥ የሰው ራስ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። ጸጉር ቆራጩም አያውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። እኔ ወይንእሸት፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት በቃኝ ያልኩት፣ ከገበያው መግቢያ ጃንጥላ ዘርግቼ ኮፍያ በኪሮሽ የምሠራው፣ አንድ ሰው መንገድ ሲሻገር ባየው የራሱን ልክ እነግራችኋለሁ። ሜትር የሚባል ነገር አልያዝኩም። ሜትር ዓይን ላልፈጠረለት ሰው ነው።

ኮፍያ ከአናት ነው የሚጀመር። ትንሽ ቀለበት ትሠሪና በዙሪያዋ እየዞርሽ እያሰፋሽ ትሄጃለሽ፤ ክቡ ሲበቃው ማስፋቱን ትተሽ ወደ ታች ትወርጃለሽ። የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ ካላወቅሽ፣ ወይ ቆብ ይሆንብሻል ወይ ድስት መክደኛ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ኮፍያውን ከራሱ እኩል አድርጎ ሲሠራው ነው። ክር ይሳባል እኮ! ከራሱ በሁለት ጣት ማሳነስ አለብሽ፤ ያን ጊዜ ግንባር ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ለሕፃን ጠርዙን አርዝመሽ ታጥፊለታለሽ፣ ባደገ ቁጥር ይዘረጋል። ሹሩባ ለተሠራች ሴት ላላ ታደርጊላታለሽ። ሽማግሌ ደግሞ ጆሮውን ካልሸፈንሽለት ስድቡን ትቶልሽ ይሄዳል። ለወንድ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ጸጉርህን ልትቆረጥ ነው ወይስ ታሳድገዋለህ?" ይኸን ያልጠየቅኩት ወንድ የለም። አንድ ሰው ሲቀር።

በዓይኔ ሊመጣልኝ ያልቻለ ራስም አለ፤ የእናቴ። አረቄ ስትሸጥ ኑራ ኑራ አረብ አገር ስትሄድ እኔን ለአክስቴ ለፈንታዬ ሰጥታኝ ነው። በስልክ ድምጿ ይመጣል። ፊቷም በፎቶ አለ። ራሷን ግን ሁልጊዜ በሻሽ ጠቅልላ ስለምትነሳ ልኩ ጠፋብኝ። ለበዓል ኮፍያ ልሠራላት እጀምርና፣ አናቱ ላይ ማስፋቱን የት እንደማቆም ስለማላውቅ እተወዋለሁ። አልጋዬ ሥር እንደዚያ ተጀምረው የቀሩ ክብ ክብ አናቶች አሉ። አክስቴ የብርጭቆ ማስቀመጫ መስለዋት አንዱን ወስዳለች።

በሉ ወደ ባንተአምላክ።

ከእኔ ጃንጥላ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነበር። የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ የኔታ ሀብተ ሥላሴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እሱም ከአባቱ ጉባኤ ቤት ወጥቶ መሸጎጫ የምታክል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስልክ ሲፈታ የሚውል የካህን ቤት ልጅ። ስለዚህ እዚያ አገር ሰው እንደ ጠፋ በግ ነው የሚያየው አሉ። ጸጉሩ! እናንተ ጸጉሩን ብታዩት! ጎፈሬው በር ሲገባ ቀድሞት ነው የሚገባ። የተሰበረ ስክሪን ወደ ፀሐይ ያነሳ መስሎ አሻግሮ ያያል። ሰው ሲያየው ስክሪን የሚመረምር ይመስላል። ፀሐይዋ ግን በጀርባው ነበረች። በስክሪኑ ወዲያ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንዲህ ስንተያይ ክረምቱ አለፈ። አንድም ቀን ደህና አድርገን አልተነጋገርንም፤ ብንነጋገርም ስንሰዳደብ ነው።

"የኮፍያ ሻጭ፣ ራስሽን ችለሽ ቁሚ እስቲ" ይለኛል።

"አንተ ራስህን ቻል፤ እሱንማ አንገትህም አልቻለው" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ቆርቆሮውን ቆልፎ፣ ቦርሳውን በትከሻው አድርጎ መንገዱን ተሻገረና ፊቴ ቆመ።

"ሞጣ ደርሼ ልምጣ። እናቴን ትንሽ ብርድ መትቷታል" አለኝ።

"እግዜር ይማርልህ።"

"እዚያ ይበርዳል። ኮፍያ ሥሪልኝ።"

"እሺ፣ ቀለሙን ምረጥ።"

ቀለሙን መረጠ፤ ቡናማ። ከዚያ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ያንን ሁሉ ጎፈሬ አፍንጫዬ ሥር አመጣው።

"ለኪኝ" አለ።

ገበያው ሁሉ የሚያየን መሰለኝ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴትዮ መሸጧን ትታለች። የካህን ቤት ልጅ፣ የአረቄ ሻጯ ልጅ ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ!

"ቀና በል፤ በዓይኔ ለክቼሃለሁ" አልኩት።

"መቼ?"

"ስክሪን አያለሁ እያልክ ስትዋሽ።"

ሳቀ። ግን ቶሎ ቀና አላለም። እንደ ጎነበሰ፣ "አንድ ቀን እንኳ በእጅሽ ብትለኪ ምን አለበት?" አለ፤ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም።

"እጄ ሥራ ይዟል።"

እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ክርም አልያዘ፣ ኪሮሽም አልያዘ። እሱም አይቶታል መሰለኝ፤ ቀና ብሎ "እሺ በይ" አለና ሄደ። ያን ዕለት የተዘጋውን ቆርቆሮ ፊት ለፊት እያየሁ ስቀመጥ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ ሰው የሌለበት ሆነብኝ።

* * *

ኮፍያውን እንዴት እንደሠራሁት አትጠይቁኝ። ሠርቼ እፈታዋለሁ፣ ፈትቼ እሠራዋለሁ። ለጎፈሬው ላላ አደረግኩለት፣ ግንባሩ ጋ በሁለት ጣት አሳነስኩት። ሲያልቅ አንድም ስሕተት የሌለበት፣ የሠራኋቸው ኮፍያዎች ሁሉ አለቃ ነበር። በሞጣ መስመር የሚመላለሱት የሚኒባስ ሾፌር ጋሼ ምናለ ሞጣ የባንተአምላክ ቤተሰብ ጎረቤት ስለሆኑ በእሳቸው ላክሁት።

ከዚያ ዝም። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ቢኖርም እኔ አልደውል፣ ምን ብዬ? "ልክ ሆነልህ?" ብዬ? እኔ የሠራሁት ልክ አይሆንም ነበር እንዴ! እሱ ነው እንጂ መደወል ያለበት። አመሰግናለሁ ማለት ያለበት። ሰንበትበት አልኩ፤ አሁንም ዝም። መኪና በመጣ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሽንኩርት ሻጯ እንኳ "አንቺ ልጅ፣ አንገትሽ ሊረዝም ነው" አለችኝ።

አንድ ከሰዓት የጋሼ ምናለ ሚኒባስ ጃንጥላዬ አጠገብ ቆመ። ከመኪናው አልወረዱም። በመስኮት ፌስታል አቀበሉኝ።

"ምንድነው ጋሼ ምናለ?"

"ኮፍያው ነው። ሰፍቷል ብሏል።"

"ምን?"

"ሰፍቷል ብሏል። ራስሽ…" አሉና ፊቴን አይተው ቆሙ። የሆነ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ መስተዋቱን ዘግተው ሄዱ።

እኔ የሠራሁት ሰፋ! እናንተ፣ እኔ የሠራሁት ኮፍያ ሰፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ውሸቱን ነው። ኮፍያው አይደለም የሰፋው፤ እኔ ነኝ የጠበብኩት። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ሌላ ነገር ጭራሽ በአእምሮዬ አልመጣም። ራስ ሊለወጥ እንደሚችል እንዴት ይምጣብኝ?

አክስቴ ፈንታዬ ፌስታሉን ከፍታ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

"የየኔታ ሀብተ ሥላሴ ልጅ የአረቄ ሻጭ ልጅ የሠራችውን ራሱ ላይ ያደርጋል ብለሽ ነው? ቆቡን ይዞ ሊቀ ጠበብት ይሆናል እንጂ።"

"ሞባይል ጠጋኝ እኮ ነው አክስቴ።"

"ዛሬ ነዋ። ደሙ ደም ነው፤ ተመልሶ ይገባል።"

ያን ማታ ኮፍያውን ራሴ አጠለቅሁት። ዓይኔን አልፎ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሳሙና ሽታም አለው። አንድ ሰው አጥልቆት ነበር ማለት ነው። አጥልቆት፣ አይቶት፣ አውልቆት። እዚያው ውስጥ ሁኜ ትንሽ አለቀስኩ፤ ለእንባ ሰፊ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

* * *

እኔ ግን የተመለሰ ዕቃ ዝም ብዬ የምቀበል ሴት አይደለሁም። ቀዩን ኮፍያዬን አደረግኩ፤ ከሩቅ እንዲያየኝ። ከንፈሬን ቻፕስቲክ ቀባሁ። ቡናማውን በፌስታል ያዝኩና ጋሼ ምናለ መኪና ውስጥ ገባሁ።

"ወዴት ነሽ?" አሉኝ።

"ሞጣ። የሰፋበትን ሰውዬ ላየው።"

ጋሼ ምናለ ሬዲዮ ከፍተው ከተሳፋሪ ሁሉ ጋር የሚጨቃጨቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ሬዲዮውን ዘጉት። በስፖኪዮ ያዩኝና ዓይናቸውን ይመልሳሉ።

"ነጠላ ይዘሻል?" አሉኝ መንገድ ላይ።

"ለምን ጋሼ ምናለ? ልሳለም ነው እንዴ የምሄደው?"

ማርሽ ቀየሩና ነዱ።

እኔ በልቤ ስድብ ነበር የምደረድር። "አንተ የጉባኤ ቤት ኮብላይ!" "አንተ ራሰ ትልቅ፣ ልበ ጠባብ!" ይኸችኛዋን ወደድኳት። ግንደወይን እስክንደርስ ደጋገምኳት። ግንደወይን ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲገባ፣ አጠገቤ የተቀመጠች እናት የዘንቢሏን እጀታ እያስተካከለች፣ "ሞጣ ማን ጋ ነሽ ልጄ?" አለችኝ።

"ዘመድ ጋ።"

"ማን ይባላሉ?"

አፌን ከፈትኩ፣ የምጠራው ሰው የለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዚያ ወዲያ ስድቡ ሁሉ ከአፌ በነነ። መስኮቱን ተደግፌ ማሳ ብቻ አየሁ። የጤፍ ክምር አንድ አንዱ ላይ ላስቲክ ተደፍቶበታል፤ እሱም ሳይቀር ለራሱ የሚሆን መሸፈኛ አግኝቷል።

ሞጣ ስንደርስ ጋሼ ምናለ ከወንበራቸው ጀርባ ነጠላ አወጡ። የሚስታቸው ሳይሆን አይቀርም።

"ይኸን ያዢ።"

"ኧረ ጋሼ ምናለ፣ አልበረደኝም።"

"ያዢ ነው የምልሽ!" አሉና ጣታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዘረጉ። "ያ አጥር ነው። ቀስ ብለሽ ግቢ።"

ቀስ ብዬ! እኔ!

* * *

ከአጥሩ ውጭ፣ ከድንጋይ መቀመጫ ላይ፣ ጋቢ እስከ ግንባሩ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል። አቀማመጡን አወቅሁት፤ ስልክ ሲፈታ እንዲሁ ጎንበስ ብሎ ነው። ነጠላውን በክንዴ እንደ ያዝኩ፣ ቀይ ኮፍያዬን እንዳደረግኩ፣ ገና ከሩቅ ጀመርኩ።

"አንተ! የእኔ ሰፋህና ጋቢው ልክ ሆነልህ?"

ቀና አለ።

"በል ንገረኛ! በሰው አፍ ከምትልክብኝ ፊቴ ንገረኝ! አልፈልገውም በል! የአረቄ ሻጭ ልጅ የነካውን አላጠልቅም በል! ሰፋኝ ማለት ምንድነው? አንተ ራሰ ትልቅ፣ ልበ…"

ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደው።

ጎፈሬው የለም። አንድ ዘለላ የለም። ራሱ ተላጭቶ፣ ምላጭ ጆሮው አጠገብ ያስቀረው ጭረት ደርቆ፣ ጢሙ ደግሞ እንደ ፈለገ በቅሎ ነበር። ያ ሁሉ የማውቀው ራስ ጠፋና ከሥሩ አንድ ትንሽ የልጅ ራስ ወጣ። ዓይኖቹ ብቻ ናቸው የሱ።

እጄ በራሱ ወደ ቀዩ ኮፍያዬ ሄደ፤ ነጥቄ አወለቅሁት። የት እንደምደብቀው ስላላወቅሁ ከእጄ ወደቀ።

"እናትህ?" አልኩት።

ራሱን ዝቅ አድርጎ አዎ አለኝ።

ነጠላውን ለምን እንደ ሰጡኝ ያኔ ገባኝ። እንደ ለቀስተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አጣፋሁት፣ ጎንበስም አልኩ። "እግዜር ያጥናህ" ልለው ነበር፤ ቀድሞኝ ተናገረ።

"ስንቱ መጣ መሰለሽ" አለ። "ከግንደወይን መጡ። ከአማኑኤል የአባቴ ተማሪዎች በእግር ጭምር መጡ። ስልኩን ጠግኜለት የማላውቀው ሰው ሁሉ መጣ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። አክስቴ እፀገነት 'ማንን ነው የምትጠብቅ? የሚቀር ዘመድ የለም እኮ' አለችኝ።"

"አልሰማሁማ!"

"ምናለ ቀብር ላይ ነበር። ነግሯታል ብዬ ነው። ለቅሶም አልደረስሽም። ቢጨንቀኝ ኮፍያውን ሰጠሁት፤ ሰፍቷል በላት፣ ራሷ ታምጣው በላት አልኩት። ለኮፍያው እንኳ ብትመጣ ብዬ።"

"ሰፍቷል ብቻ ነው ያሉኝ! በመስኮት አቀብለውኝ ሄዱ!"

ባንተአምላክ ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰበሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "መርዶ በመኪና መስኮት አይነገርማ" አለ።

"በምንስ ይነግሩኛል? ማን ነኝ ብለው? መርዶ እኮ ለዘመድ ነው። ሌሊት ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ፣ ቁጭ አድርጎ ነው የሚነገር። የእኔን በር ማን ያንኳኳል? እኔ ምንህ ነኝ?" እንባዬ ቻፕስቲኩን ይዞት ወረደ። "እናትህ ሞታ፣ እኔ እዚያ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስድብ ስመርጥልህ ሰነበትኩ። ከዚህ የበለጠ ባዕድ አለ?"

አጠገቤ እንዲቀመጥልኝ ፈለግሁ፤ ለካ እሱ ነው ተቀምጦ የነበረው፤ እኔ ነኝ ቆሜ የቀረሁት። ድንጋዩ ላይ ጠጋ አለልኝ፤ ተቀመጥኩ።

"ልክ ነበር" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

"ምኑ?"

"ኮፍያው። የደረሰ ዕለት እናቴ ነፍስ ነበራት። አምጣው አለችኝ፣ በሁለት እጇ ራሴ ላይ አጠለቀችልኝ። ጎፈሬዬን አንዱንም አላስቀረም፣ ግንባሬንም ቆንጠጥ አድርጎ ያዘኝ። 'ማናት የሠራችልህ?' አለችኝ። አንዲት ተሳዳቢ ናት አልኳት።" አንገቱን ደፋ። "'ራስህን ታውቀዋለች፤ እኔ እንኳ ይኸን ጎፈሬ መቼ ለመድኩት' ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ስትቀበር ራሴን ተላጨሁ። ከዚያ ሳጠልቀው ዓይኔን ሸፈነኝ።"

እኔም ያጠለቅሁት ጊዜ ዓይኔን ሸፍኖኝ ነበር። እሱ ሞጣ፣ እኔ ቢቸና፣ በአንድ ኮፍያ ውስጥ ተራ በተራ አልቅሰናል።

"ቅድም ምን ልትይኝ ነበር?" አለኝ። "ራሰ ትልቅ፣ ልበ… ያልሽው።"

"ተወው።"

"ንገሪኝ።"

"ልበ ጠባብ።"

በአፍንጫው ተንፈስ አለ። ሳቅ ነበር፣ ትንሽ፣ ጥግ ጥጉን የያዘ። ከዚያ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደዚያን ቀን ጎንበስ አለልኝ።

"ለኪኝ።"

ገበያ የለም፤ ሽንኩርት ሻጭ የለችም። እጄም ሥራ አልያዘም። አውራ ጣቴን ግንባሩ መሐል አደረግሁና ስንዝሬን ዘረጋሁ። ቆዳው ቀዝቃዛ ነበር፣ ሥር ሥሩን የወጣው ጸጉር እንደ አዲስ የታጨደ ማሳ ይቆረቁራል። ከጆሮው በላይ፣ ከኋላ በኩል ዞሬ፣ በሌላኛው ጆሮ ተመለስኩ። ጎፈሬው ደብቆት የኖረ አንድ የድሮ ጠባሳ አገኘሁ፤ ጠባሳውን ስነካው ትንፋሹን ያዘ። ሦስተኛው ስንዝር ሳይሞላ ጣቶቼ ተገናኙ።

ስንቱን ኮፍያ ስሠራ፣ የሰው ራስ በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም ከጃንጥላዬ ሥር ሁኜ በሩቁ ነው ሳውቃቸው የኖርኩት። የእናቴንም እንዲህ አንድ ጊዜ ይዤው ቢሆን ኖሮ፣ ማስፋቱን የት እንደማቆም አላጣውም ነበር። እጄን ማንሳት አቃተኝ። እሱም አንሺው አላለኝም።

በሩ ተንቋቋ። ጥቁር የለበሱ፣ እሳቸውም ራሳቸውን የተላጩ ሴት ወጡ፤ የእናቱ እህት እትዬ እፀገነት ናቸው። እጄ እዚያው ባንተአምላክ ራስ ላይ ነበር። እጄን አዩት፣ ከዚያ መሬት የወደቀውን ቀይ ኮፍያ አዩት።

"ይች ማናት?" አሉ።

"ወይንእሸት ናት። ከቢቸና።"

"ምንህ ናት?"

ይኸን ጥያቄ እኔም ጠይቄው አልመለሰልኝም ነበር። ባንተአምላክ ቀና አላለም፤ ራሱን ከእጄ ላለማውጣት ይመስል፣ እንደ ጎነበሰ ተናገረ።

"መርዶ ሳይነገራት የቀረ ዘመድ ናት፣ አክስቴ።"

እናንተ፣ ልቤ! የቤተ ክርስቲያኑ ደውል እንኳ እንዲህ አይመታም። ተነሳሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ እንባዬን በመዳፌ ጠረግሁ። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ዝም ብል የምፈነዳ መሰለኝ።

"እትዬ እፀገነት፣ እርስዎ አይሥጉ" አልኳቸው። "አሁን ልኩን በእጄ ይዤዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ ለዚህ ራስ ኮፍያ ስሠራ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብሠራው እንኳ አንዲት ጣት አልስትም!"

እትዬ እፀገነት እኔን አዩኝ፣ የተላጨውን ራስ አዩት፣ እንደገና እኔን አዩኝ።

"ጸጉሩ እኮ ይበቅላል፣ አንቺ ልጅ" አሉ። "ሜትር ግዢ።"